ጥቂት ድምፅ የት ይቆጠራል? ከፓስፊክ ደሴቶች እስከ ደብረ ታቦር



ምርጫ በተነሣ ቁጥር በደብረ ታቦር፣ በወረታና በአዲስ ዘመን ከሶላት በኋላ ከመስጂድ ደጅ የማይጠፋ ጥያቄ አለ። «እኛ ስንት ሆነን ነው? ብንመርጥስ ምን እንለውጣለን?» የሚል ነው። ጠያቂው ሰነፍ ወይም ለአገሩ ደንታ የሌለው ሰው አይደለም። ዙሪያውን አይቶ፣ ቁጥሩን አስቦ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ መልሱም «መምረጥ የዜግነት ግዴታ ነው» በሚል መፈክር መታለፍ የለበትም። መልሱ የምክር ቤት ወንበር እንዴት እንደሚሸነፍ፣ ጥቂት ድምፅ የት ላይ ዋጋ እንደሚኖረውና የት ላይ እንደሚባክን ማስረዳት አለበት። ይህ ጽሑፍ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ነገሩ ቀለል ብሎ እንዲታይ ግን መጀመሪያ ሩቅ አገር እንሂድ።

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ቱቫሉ የምትባል አገር አለች። የሕዝቧ ብዛት 11 ሺህ ገደማ ነው። ፓርላማዋ 16 ወንበሮች አሉት። 8 የምርጫ ክልሎች ሲኖሯት እያንዳንዳቸው 2 ተወካዮች ይልካሉ። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው የሚመርጠው የሚያውቀውን ጎረቤቱን ነው። ጥር 17 ቀን 2016 በተካሄደው ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ካውሴያ ናታኖ በገዛ ምርጫ ክልላቸው ተሸንፈው ከፓርላማ ውጭ ሆኑ። አዲሶቹ ተመራጮች ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሰየም ሳምንታት ጠበቁ፤ ምክንያቱም አየሩ ከፍቶ ጀልባዎች ከሩቅ ደሴቶች የተመረጡትን አባላት ወደ ዋና ከተማው ማድረስ አልቻሉም። በመጨረሻ ፌሌቲ ቴዎ ያለ ተፎካካሪ ተሰየሙ።

በቱቫሉ አንድ የፓርላማ አባል የሚወክለው በአማካይ 700 ያህል ሰው ነው። በእኛ አገርስ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች አሉት። በ1987 ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአንድ ወንበር የሚደርሰው ሰው ከ100 ሺህ ትንሽ ያንስ ነበር። ዛሬ ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር የወንበሩ ቁጥር ግን ያው 547 ነው። አንድ የምክር ቤት አባል በአማካይ ከ200 ሺህ ሰው በላይ ይወክላል ማለት ነው። የቱቫሉ ሕዝብ በሙሉ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ቢሰፍር ራሱን የቻለ አንድ የምርጫ ክልል እንኳ አይሞላም። አንድ ድምፅ ትንሽ መስሎ የሚታየን ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ መምሰልና ዋጋ ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ወንበር እንዴት ይሸነፋል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት በየ5 ዓመቱ በቀጥታና በሚስጥር ድምፅ ይመረጣሉ። አሸናፊው የሚለየው በአብላጫ ድምፅ ነው። አብላጫ ማለት ግን ከግማሽ በላይ ማለት አይደለም፤ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች መብለጥ ብቻ ነው። መምህር በነበርኩበት ጊዜ ይህን ለተማሪዎች የማስረዳው በ100 ሰው ነበር። ሦስት ተወዳዳሪዎች 38፣ 34 እና 28 ድምፅ ቢያገኙ 38 ያገኘው ያልፋል። ቀሪዎቹ 62 ሰዎች ሌላ ሰው መርጠው ነበር፤ ወንበሩ ግን አንድ ስለሆነ ድምፃቸው ወንበር አያመጣም።

ይህ አሠራር በአገር ደረጃ ሲደመር ምን እንደሚያስከትል ያለፉት ምርጫዎች አሳይተዋል። በ2002 ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። በ2007 ደግሞ 547ቱንም ወሰዱ። በእነዚያ ዓመታት ለተቃዋሚ የመረጠ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም፤ በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ የወጣ ድምፅ ሁሉ ከምክር ቤቱ ደጅ ቀረ እንጂ። በርግጥ የወንበሩን ቁጥር የሚወስነው የቆጠራ ስልት ብቻ አይደለም፤ ሜዳው ለሁሉም ክፍት መሆን አለመሆኑም ይወስነዋል። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በመጀመሪያ በተገለጸው ውጤት ብልጽግና ፓርቲ 410 ወንበሮች ሲያገኝ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4 አግኝተዋል። የአማራ ክልል ድርሻ 138 ወንበር ነው።

ከዚህ ጋር የሚረሳ አንድ ነጥብ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። በአንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። ስለዚህ እንደ ቱቫሉ ሁሉ በእኛም አገር የመንግሥት ሥልጣን የሚጀምረው ከአንድ የምርጫ ክልል ሳጥን ነው።

ለጥቂቶች ይህ ምን ማለት ነው?

በ1999 ቆጠራ ሙስሊሙ በመላ አገሪቱ ከመቶ 33.9፣ በአማራ ክልል ከመቶ 17.2 ነበር። ደቡብ ጎንደር ላይ ስንደርስ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ከሆነው የዞኑ ሕዝብ ውስጥ ሙስሊሙ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ላይ ሰፈሩ አንድ ቦታ አይደለም፤ በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእስቴና በሌሎችም ከተሞች ተበትኖ የሚኖር ነው። በአንድ ወንበር አንድ አሸናፊ በሚለው አሠራር ደግሞ ተበትኖ የሚኖር ጥቂት ሕዝብ ብቻውን ወንበር ሊያሸንፍ አይችልም። ይህን ሐቅ መደበቅ አያስፈልግም።

ወደ ፓስፊክ እንመለስ። ፊጂ የምትባለው የደሴቶች አገር ከሕዝቧ ከመቶ 6 ገደማ ሙስሊም ነው፤ ቅድመ አያቶቻቸው በቅኝ ግዛት ዘመን ከሕንድ ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የመጡ ናቸው። ፊጂ የምትከተለው አሠራር ከእኛ ይለያል። አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት። 55ቱ ወንበሮች የሚከፋፈሉት ፓርቲዎቹ በአገር ደረጃ ባገኙት የድምፅ መጠን ነው፤ ከመቶ 5 በታች ያገኘ ፓርቲ ወንበር የለውም። በዚህ አሠራር አንዱ ደሴት ላይ ያለው ሙስሊም ድምፅና ሌላው ደሴት ላይ ያለው ድምፅ አንድ ላይ ይደመራሉ፤ መበታተን አይጎዳቸውም። በእኛ አሠራር ግን የወረታው ድምፅ ከደሴው ወይም ከጅማው ድምፅ ጋር አይደመርም። እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይቀራል።

ታዲያ የእኛ ጥቂት ድምፅ ከንቱ ነው? አይደለም። የፊጂ ታሪክ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2015 በተካሄደው ምርጫ ገዥው ፓርቲ 26 ወንበር፣ ተፎካካሪዎቹ ሁለት ፓርቲዎች በድምሩ 26 ወንበር አገኙ። 3 ወንበር ብቻ ያለው አንድ ትንሽ ፓርቲ መንግሥት ማን እንደሚሆን ወሳኝ ሆነ። ያ ፓርቲ ከማን ጋር እንደሚቆም በውስጡ ድምፅ ሲሰጥ ውጤቱ በመጨረሻ 13 ለ12 ሆነ። ፓርላማው ታኅሣሥ 15 ቀን ተሰብስቦ ሲቲቬኒ ራቡካን ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረገው 28 ለ27 በሆነ ድምፅ ነው። ሁለቱም ጊዜ የአገሪቱን አመራር የወሰነው የአንድ ድምፅ ልዩነት ነበር።

ይህን ወደ ቀያችን እናምጣው። በአንድ የምርጫ ክልል 50 ሺህ ሰው ድምፅ ይሰጣል እንበል። ከመቶ 4 የሚሆነው ሙስሊም ቢሆን 2 ሺህ ድምፅ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ተወዳዳሪ በ10 ሺህ ድምፅ ቢራራቁ የእኛ 2 ሺህ ውጤቱን አይለውጠውም። በ1,500 ቢቀራረቡ ግን ወንበሩን የሚሰጠው ያ 2 ሺህ ነው። ስለዚህ የጥቂት ድምፅ ዋጋ የሚታወቀው ፉክክሩ ጠበቅ ሲል ነው። ፉክክሩ ጠበቅ ባለ ጊዜ ደግሞ ያልተመዘገበ ሰው ድምፅ የለውም። ምዝገባ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ቁጭት ሳጥን ውስጥ አይገባም።

የአናሳ ወንበር የእኛ ነው?

አንዳንድ ሰዎች «ሕገ መንግሥቱ ለአናሳዎች 20 ወንበር ይሰጣል አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። አዎ፣ አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ ወንበር ከ550 እንዳይበልጥና ከዚህ ውስጥ አነስተኛ ቁጥር ያላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ መብት ለብሔረሰቦች የተሰጠ እንጂ ለሃይማኖት ማኅበረሰቦች አይደለም። ለምሳሌ በ2002 ምርጫ የአርጎባ ሕዝብ ድርጅት 1 ወንበር ነበረው። አርጎባዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ ወንበሩን ያገኙት ግን በአርጎባነታቸው ነው። የደብረ ታቦር ሙስሊም አማራ በዚህ መንገድ የሚያገኘው የተለየ ወንበር የለም።

በምትኩ ሕጉ የሰጠን ሌላ ነገር ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም ሕጉ በሚያዘው መሠረት ከወንበሩ ሊነሣ ይችላል። በደብረ ታቦር የተመረጠ ሰው መስቀል ያደረገም ቢሆን የሙስሊሙም ተወካይ ነው። እኛም እንደ ተወካያችን ልንጠይቀው ይገባል። ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ካልመረጥነው ሰው ጋር ጉዳይ የሌለን ይመስለናል።

ምክር ቤቱ ለሙስሊሙ ምን አደረገ?

ጉዳዩ ከኑሯችን ጋር ያለውን ግንኙነት በምሳሌ እንይ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ተጥለቀለቁ። ጥያቄያቸው ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓላቶቻቸው እንዲከበሩና እኩል ዜጋ ሆነው እንዲታዩ ነበር። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት የሆኑት ከዚያ በኋላ በመጣው ለውጥ ነው። ዛሬ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን ይደነግጋሉ።

ቅርብ ጊዜ ስንመጣ ደግሞ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ በሕግ የተረጋገጠ ሰውነት ሲኖራት፣ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ይህን በአዋጅ ያገኘው ገና ሰኔ 4 ቀን 2012 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ይባላል። ያን ቀን እጁን አውጥቶ አዋጁን ያጸደቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የመጅሊሳችን ሕጋዊ ቁመና ራሱ በምክር ቤት አባላት እጅ የተወሰነ ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ጉዳይ ግን አዲስ አበባ አይወሰንም። የመስጂድ ቦታ፣ የመቃብር ስፍራና የመድረሳ ይዞታ ጥያቄ በአብዛኛው የመሬት ጥያቄ ነው። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ መሬት የማስተዳደርን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ስለዚህ የመቃብር ቦታ ጥያቄ ይዞ ለፌዴራል ተወራዳሪ ብቻ ማቅረብ አድራሻ መሳት ነው። ለዚህ የሚጠቅመው የክልሉ ምክር ቤትና የከተማው አስተዳደር ነው። ጠቅላላ ምርጫ ሲኖር መራጩ የሚሰጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ሳይሆን ለክልል ምክር ቤትም ጭምር ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አተኩሮ ሁለተኛውን ሳያስብበት ይጥለዋል። ለዕለት ኑሯችን ግን ሁለተኛው ወረቀት የሚብስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ነገሩ የይዞታ ብቻም አይደለም፤ የደኅንነትም ነው። በ2011 በዚሁ ዞናችን በእስቴ መስጂዶችና የሙስሊሞች ንብረት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ መስጂዶችና ሱቆች ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ በተነሣ ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። አላህ ይዘንላቸው። እነዚህን ያነሣሁት ቁስል ለመንካት አይደለም። የክልሉን ፖሊስ የሚመራውን፣ በጀት የሚያጸድቀውን፣ አጥፊው ለፍርድ መቅረቡን የሚከታተለውን አካል የሚሰይመው በመጨረሻ የተመረጠ ምክር ቤት ስለሆነ ነው። ተወዳዳሪን «በእንዲህ ያለ ቀን የት ትቆማለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ የመራጭ መብት ነው።

ከዲናችን አንጻር

በምርጫ መሳተፍን በተመለከተ በዑለማኦች መካከል የተለያየ አመለካከት አለ። የሚከለክሉም አሉ። ብዙዎች የዘመናችን ሊቃውንት ግን ጉዳቱን ለመቀነስና ጥቅምን ለማስገኘት መሳተፍን ይፈቅዳሉ፤ አስፈላጊ ነው የሚሉም አሉ። ታዋቂው የፓኪስታን ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ድምፅ መስጠትን በሦስት መልኩ አይተውታል። አንደኛ ምስክርነት ነው፤ «ይህ ሰው ለዚህ ኃላፊነት ይበቃል» ብሎ መመስከር። ሁለተኛ አማላጅነት ነው። ሦስተኛ ውክልና ነው። ምስክርነት ከሆነ ደግሞ በገንዘብ፣ በዘመድ ወይም በጥላቻ የተሰጠ ድምፅ የሐሰት ምስክርነት ይሆናል። የሐሰት ምስክርነት ከከባድ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል።

በሱረቱ አንኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ ያዘዘበት መልእክትም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ሙስሊም ባልሆነ ንጉሥ ሥር የግብፅን ግምጃ ቤት ኃላፊነት የጠየቁት ሕዝብ ከረሃብ እንዲድን ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) ሊሞቱ ሲሉ ከእርሳቸው በኋላ የሚመራውን ሰው እንዲመርጡ ነገሩን ለስድስት ሶሐቦች ሹራ ተዉት። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ከስድስቱ አንዱ ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የመዲናን ሰዎች አንድ በአንድ ሲያማክሩ ሌሊቶችን አሳልፈዋል፤ ሴቶችንና መንገደኞችን ሳይቀር ጠይቀዋል። ያ ሹራ ከዛሬው የፓርላማ ምርጫ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። የሰዎችን ሐሳብ መጠየቅና ድምፃቸውን መቁጠር ግን ለዲናችን ባዕድ እንዳልሆነ ያሳያል።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ምርጫ ሰላም ይፈልጋል። በክልላችን ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ለ10 ወራት ቆይቷል፤ ግጭቱ ያደረሰውን ጉዳት ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። መንገድ በተዘጋበት፣ ሰው ከቤቱ መውጣት በሚፈራበት ቦታ የሚሰጥ ድምፅ ሙሉ ድምፅ አይሆንም። የቱቫሉ አባላት ማዕበሉ እስኪበርድ ጠብቀው ተሰበሰቡ፤ የእኛ ማዕበል ግን በሰው እጅ የተነሣ ስለሆነ በሰው ጥረትና በአላህ እርዳታ ነው የሚበርደው።

ቀጥሎ የጊዜው ስሌት ይታወቅ። ስድስተኛው ምክር ቤት ሥራ የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። የ5 ዓመት ዘመኑ መስከረም 2019 ላይ ይሞላል። ሕገ መንግሥቱ አዲሱ ምርጫ የቀድሞው ዘመን ከማብቃቱ ከአንድ ወር በፊት እንዲጠናቀቅ ያዛል። መራጭ ለመሆን ኢትዮጵያዊ መሆን፣ 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንነትንና አድራሻን የሚያሳይ መታወቂያችን ጊዜው እንዳላለፈበት ዛሬውኑ እንይ። ቤት የሚውሉ እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን መታወቂያም አብረን እናስታውስ፤ ጥቂት ከሆንን ከጥቂቱ ግማሹን እቤት ማስቀረት አንችልም።

ሦስተኛ፣ መስጂድን ለምርጫ ቅስቀሳ መጠቀም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ኢማሙ ሰው እንዲመዘገብና በእውነት እንዲመሰክር መምከር ይችላል፤ «እገሌን ምረጡ» ማለት ግን ጀማዓውን ይከፍላል፣ መስጂዱንም የፓርቲ ቤት ያስመስላል። መጅሊስም ፓርቲ አይደለም። በ2004 «ድምፃችን ይሰማ» በሚል የተነሣው የሙስሊሙ ሰላማዊ እንቅስቃሴ አንዱ ጥያቄ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይሁን የሚል ነበር። የዲን ምርጫ በመስጂድ፣ የአገር ምርጫ በምርጫ ጣቢያ ይሁን ማለት ነው። ያንን መርሕ ዛሬም በሁለቱም በኩል ልንጠብቀው ይገባል።

አራተኛ፣ ተወዳዳሪዎችን በግልጽ እንጠይቅ። የመቃብር ቦታ ጥያቄያችን ላይ ምን ትላላችሁ? የእምነት ተቋም ሲጠቃ ምን ታደርጋላችሁ? ተማሪ ልጆቻችን ሒጃባቸውን ለብሰው እንዲማሩ አቋማችሁ ምንድን ነው? መልሱን እንጻፈው፤ ከ5 ዓመት በኋላ አውጥተን እንድናነበው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም የሚጋሩን ጥያቄ ብዙ ነው። የማዳበሪያ፣ የመንገድ፣ የሆስፒታልና የልጆች ትምህርት ጉዳይ ሃይማኖት አይለይም። በተለይ በዚህ የጋራ ጥያቄ ላይ ጥቂቱ ከብዙው ጋር ሲቆም ጥቂት መሆኑ ይቀራል።

እንግዲህ «እኛ ስንት ሆነን ነው?» ለሚለው ወንድማችን መልሱ ይህ ነው። ብቻችንን ወንበር ለማሸነፍ አንበቃም። ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ ማን እንደሚያልፍ ለመወሰን ግን እንበቃለን፤ ያለፈውንም ሰው ተወካያችን ነህ ብለን ለመጠየቅ ሙሉ መብት አለን። ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው በር የመራጭነት ካርድ ነው።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አማናን የሚጠብቁ መሪዎችን ይስጠን፤ እኛንም እውነተኛ ምስክሮች ያድርገን። አሚን።